ሰኮናው ያልመጣ ሥጋ

የእህቴ ባል ለገና በግ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ነበር። የመጣው ግን በማዳበሪያ ከረጢት የተቋጠረ ሥጋ ይዞ ነው።

የዋዜማው ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። እናቴ ለበጉ ሣር አሳጭዳ፣ ቢላውን አስላ ከጠዋት ጀምሮ በር በር ስታይ ነው የዋለችው። እሱ ለአንድ የእህል ነጋዴ ፒካፕ ይነዳል፤ ሥራው ጎበሳ፣ ጢቾ፣ ሮቤ እየዞረ ገብስና ስንዴ ማምጣት ነው። ከወር በፊት ጀምሮ "የጎበሳ በግ እኮ ሌላ ነው" እያለ ሲያስጎመጀን ከርሟል። በኩሽናው በር ገብቶ ከረጢቱን መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ድፍ አለ።

"በጉስ?" አለች እናቴ።

"በጉ አልሆነም እማማ። ግን ሥጋ አለ። ድኩላ ነው።"

"ምን አልከኝ?"

"ድኩላ። ዛሬ ጠዋት የታረደ ነው፤ ጥሩ ሥጋ ነው።"

እናቴ ከረጢቱን ፈታችው። ሁለት ታፋ፣ አንድ ወርች፣ የተወሰነ ጎድን። ሥጋው ከበሬም ከበግም የጠቆረ ነው፤ ስብ የሚባል ነገር የለበትም። ሽታው ደግሞ የሥጋ ብቻ አይደለም፤ ቅጠል ቅጠል ይላል። እናቴ ከረጢቱን ገልብጣ አራገፈችው፤ ሌላ ምንም አልወጣም።

"ጭንቅላቱስ?"

"ጣልኩት።"

"ቆዳውስ?"

"እሱንም።"

"ሰኮናውስ? አራት ሰኮና አለው መቼስ።"

"ምን ያደርጋል ብዬ ነው እማማ" አለና እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ።

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። እኛ ቤት በግ ሲታረድ ከጆሮው እስከ ጭራው የት እንደደረሰ ይታወቃል። ሰኮና ምን ያደርጋል የሚል ሰው ገጥሞን አያውቅም።

የቤቱን ሰው ልንገራችሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ወላጆቹ ከሸዋ መጥተው አሰላ የሰፈሩ፣ እሱ ደግሞ በወጣትነቱ ጴንጤ የሆነ ሰው ነው። እናቴ ተከትላው ወንጌል ከተቀበለች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በምግብ ጉዳይ ግን እናቷ ካስተማረቻት አንዲት ስንዝር አልተነቃነቀችም። ሰኮናው ያልተሰነጠቀና የማያመነዠክ እንስሳ ድስቷ ውስጥ አይገባም። እኔ ታላቋ ልጅ ነኝ፤ አላገባሁም፤ እዚሁ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ታናሽ እህቴ አግብታ ሮቤ ትኖራለች። በዚያ የገና በዓል የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ስለነበር፣ ከበዓሉ ሳምንት ቀድማ እኛ ጋ መጥታ ነበር።

ባሏን ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም ነበር። ክፉ ነገር አይቼበት አይደለም። ዝም ይላል። ተጠይቆ ይመልሳል፣ ሳይጠየቅ አይናገርም። አባቴ "የሮቤ ልጅ ጨዋ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሰው የሚያስበውን የት እንደሚያስቀምጠው አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሳይመሽ ሦስታችንም የየራሳችን ጥርጣሬ ነበረን። እናቴ የጠረጠረችው ያን የድንች ማሳ የሚያርሰውን እንስሳ ነው። ስሙን ኩሽናዋ ውስጥ አትጠራውም። "ገበሬው እየገደለ ይጥለዋል አሉ። ለዚህ ሰው በነፃ ሰጥተውት ቢሆንስ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

አባቴ በሃይማኖት የረከሰ ምግብ የለም ብሎ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ ትምህርቱ ግን ከማዳበሪያ ከረጢት ሲወጣ ከበደው። ሥጋውን በመነጽሩ ሥር አይቶ፣ "ማን አረደው? ነው ወይስ ሞቶ የተገኘ ነው?" አለ። በክት ነው ወይ ማለቱ ነው።

የእኔ ጥርጣሬ ከሁሉም የባሰ ነበር። መሥሪያ ቤት ከወንበሬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የደጋ አጋዘን ፎቶ ያለበት ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ መግደል ክልክል መሆኑን በሁለት ቋንቋ ይናገራል። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት እንተያያለን። ከጢቾ በላይ ያለው ጋራ ደግሞ የዚያ አጋዘን አገር ነው። ጭንቅላት፣ ቀንድ፣ ቆዳና ሰኮና የሚያስጥል ነገር ምንድን ነው? መታወቂያውን ማጥፋት እንጂ።

እህቴ ብቻ ደስ ብሏታል። "አቤት አማረኝ! እስቲ ትንሽ ጥብስ አሁን" አለች።

"አንቺማ ዝም በይ" አለቻት እናቴ። "ሆድሽ ውስጥ ያለውን አስቢ።"

በመጨረሻ እናቴ እንደለመደችው መሀል መንገድ መረጠች። የራሷን አውራ ዶሮ አሳረደች፤ የዶሮው ወጥ በደህናው ድስት ገባ። ለድኩላው ደግሞ ዕቃ ቤት የተጣለ አሮጌ ብረት ድስት አስወጣች። ግማሹን ሥጋ ለጥንቃቄ ብላ በጥሬው አስቀመጠችው፤ ለምን ጥንቃቄ እንደሆነ አልተናገረችም። ሌላውን በሎሚና በጨው ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አንዴ አፍልቼ ውኃውን ደፋሁት። ከዚያ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልቼ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን እየጨመርኩ ሠራሁት። ያ የቅጠል ሽታ ግን በርበሬውን ሰንጥቆ ይወጣል። እናቴ በየጊዜው እየመጣች ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፣ መልሳ ትከድናለች።

እንጨት ልጨምር ስወጣ ፒካፑን አየሁት። የእህቴ ባል መኪናውን ሁልጊዜ በኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚያቆመው። ያን ዕለት አፍንጫው ከአጥሩ ጋር ተጣብቋል። አንድ ሰው በጎን ካልሆነ በቀር በፊቱ ማለፍ አይችልም።

በማግስቱ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ለብሼ፣ ሌሎቹ እስኪወጡ በአጥሩና በመኪናው መካከል በጎኔ ገባሁ። የቀኙ የፊት መብራት ተሰባብሮ በጨርቅ ተወትፏል። የፊቱ ብረት ወደ ውስጥ ታጥፏል። ታጥቧል፤ ግን በብረቱ መገጣጠሚያ ውስጥ የደረቀ ደም ነበር።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ድኩላው ከአእምሮዬ ጠፋ። የታየኝ ሰው ነው። በዚያ መንገድ ሰዎች ገና ሳይነጋ ለገበያ ይወጣሉ፤ ሴቶች ገብስ ተሸክመው የመንገዱን ጠርዝ ይዘው ይሄዳሉ። ጉሙ ደግሞ በጥር መግቢያ ላይ ዓይን ያሳውራል። የበጉ መቅረት፣ የመኪናው መደበቅ፣ የሰውዬው ዝምታ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገጠመልኝ።

እህቴን ቀረብ ብዬ፣ "ባልሽ ትናንት ደህና ነበር?" አልኳት።

"ደክሞታል። ይገርምሻል፣ ሸሚዙን ራሱ አጠበ፤ አጥቦ አያውቅም እኮ!" ብላ ሳቀች።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን እንደተሰበከ አልሰማሁም። እሱ ከፊቴ ባለው አግዳሚ ላይ ከእህቴ ጎን ተቀምጦ ነበር። መዝሙር ሲዘመር ይነሳል፣ ሲቀመጡ ይቀመጣል። አንገቱን ሳየው ዋልኩ። ሰው ገጭቶ ጥሎ የመጣ ሰው አንገት ምን ይመስላል?

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤታችን ሐጂ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የወተት ዕቃ ይዘው በር ላይ ደረሱ። በገናና በፋሲካ እሳቸው ይመጣሉ፤ በኢድና በአረፋ እኛ እንሄዳለን። የእኛን ሥጋ እንደማይበሉ ስለምናውቅ እናቴ ለእሳቸው ድፎ ዳቦና ማር ታዘጋጃለች። ትውልዳቸው ጢቾ አካባቢ ነው፤ በወጣትነታቸው በጦርና በውሻ ያደኑ ሰው ናቸው። እናቴ ሥጋውን በጥሬው ያስቀመጠችው ለምን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

"እንኳን አደረሳችሁ መምህር! እንኳን አደረሰሽ አዴ!" ብለው ገና እንደተቀመጡ፣ እናቴ ታፋውንና ወርቹን በትሪ አድርጋ ፊታቸው አቀረበች።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይበሉት፣ ብቻ ይዩልኝ። ምንድን ነው ይሄ?"

የእህቴ ባል በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እህቴ ፊቷ ቀላ። "እማዬ፣ ኧረ ነውር ነው!" አለች። እናቴ አልሰማቻትም።

ሐጂ ምርኩዛቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ታፋውን በሁለት እጃቸው አነሱት። አገላበጡት። አጥንቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"አሳማ አይደለም አዴ" አሉ ስሙን ሳይፈሩ። "አሳማ ከቆዳው ሥር ስብ አለው፤ እንደ ፍራሽ ነው። ይሄ አጥንቱ ቀጭን ነው፣ ጅማቱ ረጅም ነው። የሚዘል ነገር ነው።"

እናቴ ትንፋሿን ለቀቀች።

"አጋዘንስ?" አልኩ እኔ ሳላስበው።

ሐጂ ሳቁ። "ገደምሳ? እናንተ የደጋ አጋዘን የምትሉት? የእሱን ታፋ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አነሳዋለሁ ልጄ? ይሄ ድኩላ ነው። ሴት ናት መሰለኝ።"

ከዚያ ወርቹን አነሱ። አንደኛው ጎኑ በልዟል፤ ደም ቋጥሮ ጠቁሯል። እኔ ሳጥብ ይሄንኛውን አላየሁትም ነበር። ሐጂ ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው፣ "ይሄን ጥይት አልመታውም። ጦርም አልመታውም። መኪና ነው" አሉ።

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። የእህቴ ባል መሬት መሬት አየ።

"አዎ" አለ። "እኔ ነኝ። ጋራው ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል። ከአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ዘላ ገባችብኝ። ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናው ቦይ ውስጥ ገባ።"

"ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገርክም?" አለ አባቴ።

"ትጨነቃለች ብዬ ነው አባባ" አለ ወደ እህቴ እያየ። እህቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ስትደርስባት ነፍስ ነበራት?" አለ አባቴ።

"ነበራት። አረድኳት። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ብዬ ነው ያረድኳት።"

አባቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ የእሱ ጥያቄ እዚያ ላይ አለቀ። በጉም የት እንደገባ ታወቀ። ማለዳ የደረሱለት ገበሬዎች በሬ ጠምደው መኪናውን ሲጎትቱለት ግማሽ ቀን ዋሉ። ሙስሊሞች ስለሆኑ እሱ ያረደውን አይበሉም፤ ስለዚህ በጉን ለእነሱ ትቶላቸው መጣ።

"አላህ ይስጥህ፣ ደግ አደረግክ" አሉ ሐጂ። ታፋውን ወደ ትሪው ሊመልሱት ሲሉ ግን ቆም አሉ። በውስጠኛው በኩል በቢላ በጥንቃቄ የተፋቀ ቦታ ነበር። እሱን አዩት፣ የእህቴን ባል አዩት፣ ከዚያ እህቴን አዩ። አንድ ነገር ሊሉ የፈለጉ መሰለኝ። ዝም ብለው ታፋውን አስቀመጡትና ስለ ገብሱ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

የሌላው ሰው ሁሉ ልብ ተመለሰ። የእኔ ግን አልተመለሰም። ሰው እንዳልገጨ አመንኩ። ሐጂ የዋጡት ቃል ግን አሁን የእኔ ጥያቄ ሆነ።

ምሳ ቀረበ። አባቴ ጸለየ፤ ከወትሮው ረዘም ያለ ጸሎት ነበር። የዶሮው ወጥ በአንድ በኩል፣ የድኩላው በሌላ በኩል። ለተወሰነ ጊዜ ሁሉም እጅ ወደ ዶሮው ሄደ። መጀመሪያ የደፈረችው እህቴ ናት። ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ "ኧረ እናንተ ሰዎች! ምን ሆናችሁ ነው?" አለች። አባቴ ቀመሰ። "ጠንከር ይላል እንጂ መልካም ነው" አለ። እናቴም ከጎድኑ ጫፍ የጥፍር ያህል ቆርሳ ቀመሰችና እንደገና ቆረሰች። እህቴ አጥንት ትግጣለች፤ በመሀል እየሳቀች ሆዷን ትዳብሳለች።

ባሏ ከድኩላው አልነካም። አንድ ጊዜ እህቴ ልታጎርሰው ስትዘረጋ፣ "ጥርሴን አሞኛል" ብሎ አሳለፈው። ከዚያ የዶሮ እግር ሲግጥ አየሁት።

ተነስቶ ሲወጣ ተከተልኩት። ከመኪናው ጋር በጎን ቆሞ የተሰበረውን መብራት ይነካካል። ነፋሱ ከጭላሎ ተራራ በኩል ይወርዳል፤ ብርድ ነበር።

"ጥርስህን አያምህም" አልኩት።

የመብራቱን ጨርቅ መልሶ ወተፈው።

"አንተ ያረድከውን ሁላችንም በላን፤ አንተ አልበላህም። ሐጂ አንድ ነገር አይተው ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ሰው ገድለሃል ብዬ ነው ያደርኩት። ንገረኝ፣ ያለዚያ እህቴን ነው የምጠይቃት።"

"እትዬ፣ እባክዎ" አለ። ድምፁን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። "እሷን አይጠይቋት።"

"እሺ ንገረኛ።"

ከመብራቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ጀመረ። በመሀል ወደ ኦሮምኛ ገባ፣ ተመለሰ። እንዲህ ነው የነገረኝ። ድኩላዋ ወድቃ እያየችው ነበር፤ ወገቧ ተሰብሯል። ካረዳት በኋላ ገበሬዎቹ ደርሰው ቆዳ ገፈፉለት፤ ሆዷን ሲከፍቱት ግልገል ወጣ። ሊወለድ የደረሰ ነው። ፀጉር አውጥቷል። ሰኮናው ለስላሳ ነው፤ ሲነኩት እንደ ሰም። ከገበሬዎቹ ሽማግሌው፣ "ነፍስ ጠፍታ ሥጋዋ ለጅብ ከሆነ ኃጢአቱ ሁለት ነው፤ ውሰድና ሰው ይብላት" አሉት። እሱ ግን ጭንቅላቷንና እግሯን ማየት አልቻለም። ከግልገሉ ጋር አንድ ላይ አስታው ሥር ቆፍሮ ቀበራቸው። ወተት የያዘውን ጡቷን ከታፋው ላይ እየፋቀ ያወጣውም እሱ ራሱ ነው፤ ማንም እንዳያውቅ።

"ባዶ እጄን ብመጣ ጥሩ ነበር" አለ። "በጉም የለም፣ ምን ብዬ ልግባ? ደግሞ ሽማግሌው ያሉት ነገር አለ። እሷ ግን እንዳትሰማ እትዬ። በሰባት ወሯ ይሄን ሰምታ እንዴት ትተኛለች? እኔም መተኛት አልቻልኩም።"

ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄ ሰው ምን ይደብቃል እያልኩ ስጠረጥር ኖሬ፣ የደበቀው ነገር ሲገኝ ይሄ ሆነ። አፈርኩ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ፤ ከዚያ በፊት ሰላምታ ካልሆነ በቀር ነክቼው አላውቅም።

"ፊትህን ታጠብና ግባ" አልኩት።

እኔ ቀድሜ ገባሁ። እናቴ መሶቡ አጠገብ እጇን አጣጥፋ ትጠብቀኛለች።

"ምን አለሽ?"

"ምንም። መብራቱን ነጋዴው እንዳያስከፍለው ፈርቶ ነው።"

እናቴ የልጆቿን ውሸት ገና ከአፋችን ሳይወጣ የምታውቅ ሴት ናት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። "እንደዚህ ለመብራት ነው ዓይንሽ የቀላው?" አለች።

"ጭሱ ነው።"

ከድስቱ አንድ ቁራጭ አውጥታ ሳህን ላይ አደረገችልኝ። "እንግዲያው ብዪ። አንቺም እኮ አልበላሽም።"

እውነቷን ነው፤ ዶሮውን ብቻ ነበር የበላሁት። እህቴ ከወዲያ ማዶ ታየኛለች፣ ሐጂ ዳቧቸውን በማር እያጠቀሱ ወደ ሌላ ያያሉ። ጎረስኩ። ጥሩ ሥጋ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። ለመዋጥ ግን ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጣሁ። እናቴ እስክጨርስ ድረስ ከፊቴ አልተነሳችም።

እህቴ በመጋቢት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ባሏ ከሆስፒታሉ መጀመሪያ የደወለው ለእኔ ነው፤ ለእናቴ እንኳን ገና ሳይናገር። "እትዬ፣ ደህና ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው" አለ። ከዚያ ወዲህ ሮቤ ስሄድ አንዳንድ ነገር ያጫውተኛል። ብዙ አይደለም፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጅቷ፣ ጋራው ላይ ሲደርስ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚነዳ።

እህቴ ይሄ አልጠፋትም። ባለፈው ልጇን ታጥብ ነበር፤ እኔና እሱ በረንዳው ላይ ስናወራ አይታ፣ "እናንተ ሁለታችሁ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የተዋደዳችሁት?" አለችኝ። እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ፤ ዓይኖቿ ግን አልሳቁም። ፎጣውን አቀበልኳትና ስለ ልጅቷ ጥርስ ማውራት ጀመርኩ።